ወንድሜ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ ተረጨበት፣ አሁን ደግሞ ወረቀት ፈርም እያሉት ነው፣ ምን እናድርግ?

እህቱ ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የጤና ሰውም የፋብሪካ ሰውም ሕግ የሚያውቅም እንዳለ ስለማውቅ ነው የምጽፈው፣ ከረዘመባችሁ ይቅርታ። ታናሽ ወንድሜ ሳሙና ፋብሪካ ነው የሚሰራው፣ 26 አመቱ ነው፣ እዛ ከገባ ሁለት አመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ሐሙስ ማታ ሺፍት ላይ ኮስቲክ ሶዳ (ሳሙና የሚሰራበት የሚያቃጥል ኬሚካል) ሲበጠብጡ ገንፍሎ አንገቱና ቀኝ ክንዱ ላይ ተረጨበት፣ ትንሽ ደግሞ ግራ አይኑ ገብቷል። እሱ እንደነገረኝ ታንከሩ ውስጥ ከቀን ሺፍት የተረፈ ትኩስ ውሃ ነበር፣ ስራው ስለዘገየ ቶሎ በሉ ተብለው 25 ኪሎውን ከረጢት ቀደው አንዴ ሲገለብጡት እሳት ላይ እንደተረሳ ወተት ገንፍሎ ወጣ ነው የሚለው። ግድግዳው ላይ የአደጋ ሻወር የሚባለው አለ ግን ሲጎትቱት ጠብታም አልወጣም፣ ሮቶው ባዶ ነበር፣ ሰፈሩ ውስጥ ውሃ ከጠፋ ሶስት ቀን ሆኖት ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ ኮስቲክን የሚያጠፋው አሲድ ነው ብሎ ከካፌው አቼቶ አስመጥቶ አፈሰሰበት። ጓደኞቹ ናቸው በኋላ ከግቢ ውጪ ካለ መኪና ማጠቢያ ወስደው በጎማ ያጠቡት፣ እስከዛ ሃያ ደቂቃ ሳይሆን አይቀርም ያለፈው፣ ቱታውን ራሱ ያወለቁለት እዛ ነው። ከዛ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄደው ቅባት ተቀብቶ በፋሻ ታስሮ ወደ ቤት።

ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀልቶ ብቻ ነበር፣ በጣም ያቃጥለው ነበር። አሁን ፋሻውን ስፈታው መሃሉ ነጣ ግራጫ ብሏል ግን እዛ ጋ ሲነካ አያመውም፣ ዳር ዳሩን ነው የሚያመው፣ ስለዚህ እየዳነ ነው ብለን ነበር። አይኑ ግን እንደቀላ ነው፣ መብራት ሲያይ ያለቅሳል፣ ብዥ ይልብኛል ይላል።

ሌላው ነገር ቅዳሜ ከሰው ሃይል ሁለት ሰዎች ቤት መጥተው 5,000 ብርና አንድ ወረቀት ይዘው ነበር። ወረቀቱ ጉዳቱ የደረሰብኝ ጓንት ባለማድረጌ በራሴ ጥንቃቄ ጉድለት ነው፣ ከድርጅቱ ሌላ ምንም አልጠይቅም ይላል። ጓንት አድርጎ ነበር እኮ! የሰጡት ግን ያ ነጩ የጨርቅ ጓንት ነው። እናቴ ፈርምና ስራህን አታጣ እያለችው ነው፣ እሱም ሊፈርም ነው፣ እኔ ነኝ እስከ ሰኞ ቆይ ያልኩት። እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ።

ሲስተር ከቃጠሎ ክፍል፦
እህቴ ይህን እንዳነበብሽ ተነሺና ውሰጂው፣ ነገ አትበዪ። ነርስ ነኝ፣ የቃጠሎ ክፍል ስድስት አመት ሰርቻለሁ። ነጥቶ ግራጫ ሆኖ ሲነካ የማያመው እየዳነ አይደለም፣ ቃጠሎው ወደ ውስጥ ዘልቆ የስሜት ነርቮቹን ስለጎዳ ነው የማያመው። ዳር ዳሩ የሚያመው ላይ ላዩን ስለተቃጠለ ነርቩ ስላለ ነው። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ነው የሚሳሳተው፣ ህመሙ ቀነሰ ብለው ሳምንት ይቆያሉ፣ ሲመጡ ቁስሉ አመርቅዞ ነው።

ኮስቲክ ከአሲድ የሚለይበት ነገር አለ። አሲድ ሲያቃጥል ቆዳውን ድርቅ አድርጎ እንደ ቅርፊት ያደርገዋል፣ ቅርፊቱ ራሱ አሲዱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ትንሽ ያግደዋል (ሁሉም አሲድ ግን እንዲህ አይደለም)። ኮስቲክ ግን ቆዳ ውስጥ ያለውን ስብ ሳሙና ነው የሚያደርገው፣ ወንድምሽ ፋብሪካ ውስጥ በዘይት የሚያደርጉትን ማለት ነው፣ ስጋውን እያሟሟ እየዘለቀ ይሄዳል፣ ታጥቦ ካልወጣ ለሰዓታት ይቀጥላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ቀን ቀላል መስሎ በሁለተኛው በሶስተኛው ቀን ጥልቀቱ የሚታየው። ሲነኩት ሙልጭልጭ የሚል ከሆነ ገና አልወጣም ማለት ነው።

አይኑ ከክንዱ በላይ ነው የሚያሳስበኝ። ኮስቲክ አይን ውስጥ ሲገባ ብርሃን የሚያስገባውን መስታወቱን ያነጣዋል፣ ውስጥ ድረስ ገብቶ የአይን ግፊት ሊጨምር ይችላል፣ ቆይቶም ጠባሳ ትቶ እይታ ይጋርዳል። ብዥ ይልብኛል ካለ ዛሬውኑ የአይን ሐኪም ይየው፣ በማቅለሚያ ጠብታ አድርገው ቁስሉን ያዩታል፣ ግፊቱንም ይለኩታል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ለቃጠሎ የካቲት 12 አለ፣ አቤት ሆስፒታል አለ፣ ለአይን ምኒልክ። ከተማ ውጪ ከሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ ትልቅ ሆስፒታል ሂዱና ሪፈር ይጻፉላችሁ። የቴታነስ መርፌ መወጋቱንም ጠይቂ፣ ጤና ጣቢያ አንዳንዴ ይረሱታል። ውሃ የቋጠረውን እንዳታፈርጡት። አንገቱ ላይ ስለሆነ ደግሞ ሲድን ቆዳው እየተሳበ አንገቱን እንዳያጎብጠው ከአሁኑ ፊዚዮቴራፒ ይጠይቁ።

እህቱ ነኝ፦
ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያነበብኩት። አሁን ታክሲ ጠርቼ እየወጣን ነው። አቼቶው ግን ጎድቶታል እንዴ?

ሲስተር ከቃጠሎ ክፍል፦
በሰላም ድረሱ። አቼቶው ራሱ ምን ያህል እንደጎዳው አላውቅም፣ ኮስቲክና አሲድ ሲገናኙ ግን ሙቀት ይፈጠራል፣ በቁስል ላይ ተጨማሪ ሙቀት ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ ነው የበላበት፣ አቼቶ እስኪመጣ የቆየው ደቂቃ ውሃ ቢሆን ኖሮ... በቃ አሁን ሂዱ።

የሰፈር ልጅ፦
እኛ ጋ አንድ ልጅ የባትሪ አሲድ ፈሶበት ማርና የእንቁላል አስኳል ቀብተውት ድኗል፣ ሞክሩት፣ ሐኪም ቤት ብዙ ያስወጣል። ፈጣሪ ይማረው።

ሲስተር ከቃጠሎ ክፍል፦
ወንድሜ በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን እባክህ እንዲህ አትምከር። ኮልጌት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ማር ተቀብቶ የመጣ በሽተኛ መጀመሪያ ያንን እየፋቅን ነው የምናጥበው፣ እሱ ራሱ ስቃይ ነው፣ ቁስሉም ይመረዛል። የዳነው ልጅ ቃጠሎው ላይ ላዩን ስለነበረ ነው የዳነው።

ሴፍቲ ኦፊሰር ነኝ፦
ጉዳዩን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ያልተጠበቀ አደጋ አይደለም፣ ኮስቲክ የሚበጠበጥበት ቦታ ሁሉ የሚታወቅ ነው። ኬሚካል ኢንጂነር ነኝ፣ መጀመሪያ ጨርቃ ጨርቅ ፊኒሺንግ ክፍል አሁን ደግሞ ምግብ ፋብሪካ ሴፍቲ ላይ ነኝ፣ በሁለቱም ኮስቲክ አለ። ጨርቁን ለመቀቀልና ለማንጣት ይጠቀሙበታል፣ ለስላሳና ቢራ ፋብሪካ ጠርሙስ ይታጠብበታል፣ ወተት ፋብሪካ ቧንቧ ይታጠብበታል፣ ስለዚህ የሳሙና ፋብሪካ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ኮስቲክ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ራሱ ነው ሙቀት የሚያወጣው፣ ምንም እሳት ሳይኖር ውሃውን እስከ መፍላት ያደርሰዋል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድሞ ይገባል፣ ማማሰያው እየዞረ ኮስቲኩ በትንሽ በትንሹ ይጨመራል፣ የመጀመሪያው ሟሙቶ ሳያልቅ ሌላ አይጨመርም። ትኩስ ውሃ ላይ 25 ኪሎ አንዴ ከገለበጥክ ታች ሄዶ ይቆለላል፣ እዛ ጋ ያለው ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ከላይ ያለውን ይዞት ይወጣል። ልጁ ያየው ይሄንን ነው። በተገላቢጦሽ ኮስቲኩ ላይ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ሰልፈሪክ አሲድም እንዲሁ ነው፣ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ በፍጹም። ጋራዥ ያላችሁ ልጆች ይሄን ልብ በሉ።

ጓንቱን በተመለከተ፣ የጨርቅ ጓንት ኮስቲክ ላይ ከባዶ እጅ ይብሳል ብዬ ነው የማስተምረው፣ ምክንያቱም ይጠጣውና ቆዳህ ላይ አጣብቆ ይይዘዋል። የቆዳ ጓንትም ያው ነው፣ ኮስቲክ ቆዳ ይበላል። የሚያስፈልገው እስከ ክርን የሚደርስ ወፍራም የጎማ ወይ የናይትራይል ጓንት፣ ዙሪያውን የተዘጋ ጎግል፣ ከላዩ የፊት መከለያ፣ የፕላስቲክ ሽርጥ፣ ቦቲ። ተራ መነጽር አይሆንም፣ በጎኑ ይገባል።

ሻወሩ ላይ ደግሞ ልቤ ነው የሚደማው። የአደጋ ሻወርና የአይን ማጠቢያ የሚተከለው ሰው አይኑን ጨፍኖም ቢሆን በ10 ሰከንድ የሚደርስበት ቦታ ነው፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳይቋረጥ የሚፈስ ውሃ ሊኖረው ይገባል፣ በየሳምንቱ ተከፍቶ ይሞከራል። የእኛ አገር ውሃ እንደሚጠፋ እያወቅን ሻወሩን ከምርቱ ጋር አንድ ሮቶ ላይ ማገናኘት ማለት የለም ማለት ነው፣ የራሱ ለሌላ የማይነካ ሮቶ ነው የሚያስፈልገው። እኔ እዚህ የገባሁ ሰሞን ይሄን ለማስፈቀድ ስምንት ወር ነው የፈጀብኝ፣ በመጨረሻ የፈቀዱት አንድ የጥገና ልጅ ተረጭቶበት ሮጦ ሄዶ ውሃ ካጣ በኋላ ነው።

ለማንኛውም አንባቢ፦ ኬሚካል ከነካህ ማንንም አትጠብቅ፣ ውሃ ውስጥ ግባ፣ ውሃው እየፈሰሰብህ ነው ልብስህን የምታወልቀው፣ ቀለበት ሰዓት ቀበቶ ጫማ ሁሉም ይውጣ። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ የተቀመጠ የመጠጥ ውሃ ሃይላንድም ቢሆን አምጡ። አይን ከሆነ ሽፋኑን በጣት ከፍተህ 30 ደቂቃ። ዱቄት ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ኖራ፣ መጀመሪያ በደረቁ አራግፍና ከዛ ነው ብዙ ውሃ። ኮስቲክ ላይ ግማሽ ሰዓት ታጥቦም ካቃጠለ እንደገና ይታጠባል።

የቆዳ ፋብሪካ ልጅ፦
እኔ በሙያዬ የምመክረው የለኝም ግን የደረሰብኝን ልናገር። ቆዳ ፋብሪካ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ያለበት ክፍል ነበርኩ፣ ጸጉሩ የሚነቀልበት። 2008 ላይ ድራሙ ሲከፈት ውሃው ቦቲዬ ውስጥ ገባ። ሱሪዬን ቦቲው ውስጥ ከትቼ ነበር፣ ሁላችንም እንደዛ ነበር የምንለብሰው ማንም አይደለም ብሎን አያውቅም፣ ሱሪው ከላይ ነው መውረድ ያለበት። መጀመሪያ ያሳክከኝ ነበር በቃ፣ ሺፍቱ ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ስለቀረው ጨርሼ ልሂድ ብዬ ቆየሁ። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ቆዳዬ አብሮ መጣ። ከጭኔ ቆዳ ተወስዶ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተለጠፈ፣ ሆስፒታል 23 ቀን ተኛሁ።

እኔ ፈርሜአለሁ። ልክ እንደ ወንድምሽ ወረቀት አምጥተው ነበር፣ ገና ማደንዘዣው ሳይለቀኝ ነው፣ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ 3,000 ብር ሰጡኝ። ከአራት ወር በኋላ እግርህ ስለማይቆም አንፈልግህም ሲሉኝ ሰው ጋ ሄጄ ጠየቅኩ፣ ያንን ወረቀት ነው ያወጡት። አሁን ቁጭ ብዬ የሚሰራ ስራ ነው የምሰራው፣ ብርድ ሲሆን ቁርጭምጭሚቴ ይሰነጠቃል። እህቴ እናትሽን በእኔ ስም ለምኚያት፣ አይፈርም።

ማኅበር ውስጥ ያለሁ፦
እኔ የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ነኝ፣ ይህን አይነት ጉዳይ ብዙ ይዣለሁ፣ የምጽፈውን ለወንድምሽ አንብቢለት።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ላይ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ጥፋተኛ መሆኑን እናንተ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። አሠሪው የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፣ ሆን ብሎ ከሚባሉት ውስጥ ደግሞ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባት አሉበት። አሁን ገባችሁ ወረቀቱ ላይ "ጓንት ባለማድረጌ" የሚለው ለምን እንደገባ? 5,000 ብሩ ለዛች ቃል ነው የሚከፈለው። ስለዚህ አይፈርም። ብሩን ከፈለጋችሁት ለሕክምና ወጪ ተቀብያለሁ ብቻ ተብሎ ተጽፎ ይፈረማል፣ ሌላ ቃል አይጨመርበትም። እነሱ ደግሞ መመሪያ ሰጥተናል ካሉ የት አለ? ስልጠና የወሰደበት ፊርማ፣ ጎግልና የጎማ ጓንት የተረከበበት ፊርማ ያምጡ። የመከላከያ መሳሪያ ማቅረብና አደጋውን ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው፣ አደጋውን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅም ግዴታው ነው። አሳውቀዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሕክምናውን በሙሉ፣ ካርድ፣ ምርመራ፣ ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒት፣ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። መስራት ሳይችል ለሚቆይበት ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹን ሶስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ይሄ ከተራ የህመም ፈቃድ ጋር አይደባለቅም፣ ሰው ሃይሎች ብዙ ጊዜ ሲክ ሊቭ ብለው ነው የሚመዘግቡት፣ ተከታተሉት። በመጨረሻ ቋሚ ጉዳት ከቀረ የሕክምና ቦርድ በመቶኛ ይወስናል። ከደሞዙ 7 በመቶ ጡረታ የሚቆረጥበት ከሆነ (አሠሪው 11 ይጨምራል) በግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና በኩል ይሄዳል። ካልተመዘገበ አሠሪው ራሱ ነው የሚከፍለው፣ ለዘለቄታው ጭራሽ መስራት ለማይችል የአመት ደሞዙን አምስት እጥፍ፣ ከፊል ከሆነ በጉዳቱ መጠን። ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) አለው፣ አመት አትጠብቁ።

አሁኑኑ የምታደርጉት፦ ቱታውንና ያንን የጨርቅ ጓንት እንዳታጥቡት እንዳትጥሉት፣ በፌስታል አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቁስሉን በየቀኑ ፎቶ አንሱ። አብረውት የነበሩት ልጆች ያዩትን ዛሬ ይጻፉና ቀን ያስገቡበት፣ ከወር በኋላ ፈርተው ዝም ይላሉ፣ አልፈርድባቸውም ቤተሰብ አላቸው። ሐኪሙ የሚጽፈው ላይ "ሥራ ላይ የደረሰ የኬሚካል ቃጠሎ" የሚል ይግባ። እምቢ ካሉ የሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ጋ አቤቱታ አስገቡ፣ ማኅበር ካላችሁ በማኅበሩ በኩል፣ ከሌለ ኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ሄዳችሁ አማክሩ።

ኮሎራዶ ያለሁ፦
ስጋ ፋብሪካ ውስጥ ሌሊት ሳኒቴሽን ነው የምሰራው፣ እዚህ ብዙ ሐበሻ አለ በዚህ ስራ ላይ። ማሽኑን የምናጥብበት አረፋ ውስጥ ያለው ያው ኮስቲክ ነው። እዚህ አገርም ቢሆን ሰው ይቃጠላል፣ በተለይ ጓንቱ ውስጥ በላይ በኩል ሲገባ፣ ስለዚህ የጓንቱን ጫፍ አጥፌ ነው የማደርገው እጄን ወደ ላይ ሳነሳ ወደ ክንዴ እንዳይወርድ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ እያንዳንዱ ኬሚካል ከአምራቹ የደኅንነት መረጃ ወረቀት አብሮት ይመጣል፣ 16 ክፍል አለው፣ 4ኛው የመጀመሪያ እርዳታ ነው፣ 8ኛው ምን አይነት ጓንትና መነጽር እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ፋብሪካው ኮስቲኩን ሲገዛ ይሄ ወረቀት ደርሶታል ወይም ጠይቆ ማግኘት ይችላል። 8ኛው ክፍል ላይ የጨርቅ ጓንት የሚል እንደማይገኝ እርግጠኛ ነኝ፣ ማኅበር ውስጥ ያለው ወንድማችን ያለውን ለማስረዳት ይጠቅማችኋል። ፈጣሪ ይማርልሽ እህቴ።

እህቱ ነኝ፦
ቤተሰብ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም ግን ልንገራችሁ። አስተኝተውታል። ክንዱ ላይ ያለው ጥልቅ ነው ብለዋል፣ የሞተውን አንስተው ከጭኑ ቆዳ ሳይወስዱ አይቀሩም። አንገቱ ይሻላል። አይኑን አዩት፣ መስታወቱ ላይ ቁስል አለ ግን መሃሉን አልነካም አሉ፣ ጠብታ በየሁለት ሰዓቱ እያደረግኩለት ነው፣ ትናንት ባትመጡ ኖሮ አሉኝ ሐኪሟ። ሲስተር እድሜሽን ያርዝመው ሌላ ምን እላለሁ።

አልፈረመም። የቆዳ ፋብሪካውን ወንድማችንን ጽሑፍ ለእናቴ አነበብኩላት፣ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ስደርስ ተነስታ ወረቀቱን ከሳጥኑ አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። ጓንቱ ቤት ነው፣ በፌስታል አስሬዋለሁ፣ ጣቶቹ ደርቀው እንደ ካርቶን ሆነዋል። አብረውት ከነበሩት አራት ልጆች ሁለቱ ጽፈው ፈርመዋል።

ወንድሜ ዛሬ ጠዋት እንደነቃ መጀመሪያ ያለኝ ለልጆቹ ደውይላቸው ነው፣ ማታ ሺፍት ዛሬም ይበጠብጣሉ። ደወልኩ። ሱፐርቫይዘሩ ሻወሩን አሰርቷል አሉኝ፣ ሮቶው ሞልቷል ወይ ስላቸው ሄደው አይተው መልሰው ደወሉ፣ ከግማሽ በታች ነው። በጀሪካን እየሞሉ አጠገባቸው እንዲያስቀምጡ ነግሬአቸዋለሁ፣ አስር ጀሪካን ሞልተናል ብለውኛል። ሴፍቲ ኦፊሰሩ ወንድሜ፣ አስር ጀሪካን ለአንድ ሰው ይበቃል?

ሴፍቲ ኦፊሰር ነኝ፦
አስር ባለ 20 ሊትር ማለት 200 ሊትር ነው፣ ሻወር በሁለትና በሶስት ደቂቃ የሚያፈሰው ነው፣ አይበቃም። ግን ሰውየውን ከመጀመሪያው ደቂቃ ያተርፈዋል፣ ቀስ አድርገው ሳያቋርጡ ቁስሉ ላይ ብቻ ካፈሰሱት ሌላ ውሃ እስኪመጣ ያቆያል። ሁለት ጀሪካን ለአይን ብቻ ይለይ፣ ንጹህ ይሁን፣ ክዳኑ ላልቶ ይቀመጥ፣ በኮስቲክ እጅ ክዳን መክፈት ከባድ ነው። ሮቶው ሳይሞላ ግን ዛሬ ማታ አይበጥብጡ፣ ሱፐርቫይዘሩ ካስገደዳቸው ቁጥሬን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ፣ በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልኝ።